ከቁረይሻ መልስ የሚበራው መብራት

እንዲያውም አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቢያያት ኖሮ ይህን ያህል አትጠረጥረውም ነበር፣ ጥፋት የሌለበት ሰው የሟች ሚስት ዓይን ማየት ምን ይከብደዋል፣ መካኒኩ ሓፍቶም ግን ዓመት ሙሉ የሚያየው ጎማ ነው፣ መሬት ነው፣ አሁንም ይኸው ከኋላ በቀኝ ጎማው ሥር ገብቶ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው፣ የሸበጡ ተረከዝ ተበልቶ አልቋል፣ እዚያ ሆኖ ሽቦ ይጎትታል፣ ብሩሽ በናፍጣ እየነከረ ይፈትጋል፣ ዋልካ ነው ሓፍተይ፣ ጭቃው ሴንሰሩ ላይ ደርቆ ነው ይላል፣ ሓፍተይ ይላታል፣ እህቴ በቋንቋው፣ እሷ ምንም ሳትጠይቀው። ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው።

አልወረደችም። ዙፋን ዛሬ ከዚህ ቦክሲ ከሚሉት ፒክአፕ ላይ አትወርድም፣ ከቤት ጀምሮ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ ነው የመጣችው፣ ባንታምላክ እታለም አንች በዚህ ፀሐይ ምን ትሠሪያለሽ፣ እኔ አሳይቼው እመለሳለሁ ሲላት ዝም ብላ በሩን ከፍታ ገባች። የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፣ ባሏ ዘመኑ ከሞተ ወዲህ መኪናውን የሚነዳላት እሱ ነው፣ እንደ ወንድሟ ነው የምታምነው፣ ታምነው ነበር፣ ዛሬ ግን መንገዱን ሙሉ ላብ በላብ ሆነ፣ ገበያው ማዞሪያ ላይ ውኃ ልግዛ ብሎ ሊያቆም ሲል ውኃ ይዣለሁ አለችው፣ ትንሽ ሄዶ ጎማ ልይ አለ፣ ጎማውን ሓፍቶም ያየዋል አለችው፣ ምን ሊያደርግ ነበር፣ እሷ ሳታየው ለአንዲት ደቂቃ ከመኪናው ጋር ብቻውን ሊሆን የፈለገው ለምንድን ነው። ሁለቱም አንድ ናቸው። ይህን ደግሞ ዛሬ ነው ያወቀችው።

መብራቱ ከፊቷ ነው፣ ቢጫ፣ ክብ፣ ክቡ ውስጥ ሦስት የፈረንጅ ፊደል፣ ሓፍቶም ኤቢኤስ ይለዋል፣ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚጠብቅ ነገር ነው ብሎ አስረድቷታል፣ ፍሬኑ ሌላ ይሄ ሌላ፣ ይሄ ባይኖርም ፍሬኑ ይይዛል፣ አትፍሪ። አትፍሪ ይላል። ዘመኑንም አትፍራ ብሎት ይሆናል።

ነገ እሑድ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ የጃሊያው፣ የስደተኛው ማኅበር፣ ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይቀመጡላታል፣ ሰብሳቢያቸውን ጋሼ ገብረ ሥላሴን ለምና ነው፣ የምከሰው ሰው አለኝ፣ ስሙን ስትቀመጡ እናገራለሁ ብላ፣ ሓፍቶም ፍሬኑን ነካክቶ ባሌን ገደለብኝ ልትል ነው፣ በአገሩ ልጆች ፊትም በአገሯ ልጆች ፊትም፣ ከዚያ በኋላ በገዳሪፍ መኪናውን ለሓፍቶም የሚሰጥ ሰው አይኖርም፣ የት እንደሚሄድ እንጃ፣ በጦርነቱ ካርቱም የለ፣ ወደ አገሩ መግቢያ የለ፣ ይሂድ፣ ዘመኑስ የት ሄደ።

እስካሁን የተናገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለጎረቤቷ ለአሰጋሽ፣ ያውም ለብቻዋ፣ ያውም አደራ ብላ፣ አሰጋሽ ግን አሰጋሽ ናት፣ ይኸው ወርሻው፣ ጋራዡ፣ ባዶ ነው፣ ድሮ አምስት ስድስት መኪና ሞተሩ ተከፍቶ የሚቆምበት ግቢ ዛሬ አንድ ጎማ የሌለው ባለ ሦስት እግር ሪክሻና የእሷ ቦክሲ ብቻ ነው ያለው፣ ከሣር ዳሱ ከረኩባው ሥር ውሻ ተኝቷል፣ ሠራተኛ እንኳ የለም፣ ሁሉም ትቶት ሄዷል። ስታየው ትንሽ ደስ አላት፣ ከዚያ ደስ ማለቷ አስጠላት፣ ከዚያ ደግሞ ተገቢው ነው አለች።

ደብተሯን ከቦርሳዋ ታወጣለች። ሰው ባል ሲሞትበት ያለቅሳል፣ እሷም አልቅሳለች፣ ግን ጽፋለችም፣ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት፣ መተማ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት አስተምራለች፣ የማይጻፍ ነገር ይጠፋል ብላ ልጆች የገረፈች ሴት ናት። ጥቅምት 9፣ ከቁረይሻ መልስ፣ በራ። ጥቅምት 10፣ ሓፍቶም ዘንድ ሄደ፣ ጠፋ። ኅዳር 21፣ ከቁረይሻ መልስ፣ በራ። በማግሥቱ ጠፋ። ጥር 4 በራ። ግንቦት 26 በራ። ሁልጊዜ ከቁረይሻ መልስ፣ ሁልጊዜ ባንታምላክ ብቻውን ወርሻ ወስዶት ሲመለስ ጠፍቶ፣ ምን ሠራው ስትለው አጸዳው፣ ምን ቀየረ ስትለው ምንም አልቀየረም። ምንም ሳይቀይር የሚያድን መካኒክ። ጠንቋይ ነው ወይ። ከሰላ ስትሄድ አይበራም፣ መፋዛ ስትሄድ አይበራም፣ ቁረይሻ ብቻ፣ የሰሊጡ እርሻ ያለበት፣ ከዶካ አስፋልቱን ትተው የሚታጠፉበት፣ ዋልካ ነው ይላል፣ መፋዛ ዋልካ የለም ወይ፣ መፋዛ ሙሉውን ዋልካ አይደለም ወይ፣ መፋዛን ግን ባንታምላክ የሚሄደው በበጋ ነው፣ ደረቁን፣ ይሁን፣ ቢሆንም።

ቴስተሩን አምጣልኝ ይላል ከታች ሓፍቶም፣ ባንታምላክ ያቀብለዋል፣ ቴስተሩ ጢጥ ይላል፣ ሽቦው ደኅና ነው ይላል ሓፍቶም፣ የግራውን ሴንሰር ወደ ቀኝ እንቀይርና እንየው ይላል፣ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ለእሷ እንዲሰማ ነው፣ ለባንታምላክ የሚናገር ሰው እንዲህ አይጮኽም፣ ቲያትር ነው፣ አራት ጊዜ የመዘገበችበት ደብተር አላት እኮ፣ ባለፈው ኅዳርም ግራውን ወደ ቀኝ አዛወረው ብሏት ነበር ባንታምላክ፣ ታዲያ አሁን ወደ ግራ ሊመልሰው ነው።

ስልኩን ደግሞ አትረሳም። የዘመኑን ስልክ ትራፊኩ አደም በፌስታል አድርጎ ሲሰጣት መስተዋቱ ብቻ ነበር የተሰነጠቀው፣ ስትከፍተው እሱ የደወለው የመጨረሻው ጥሪ፣ ሰኔ ሚካኤል፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ኡስታ ሓፍቶም፣ አንድ ደቂቃ ከዐሥራ ስምንት ሰከንድ። ለቅሶ ላይ ጠየቀችው፣ ምን አለህ፣ እንዲሁ ለሰላምታ ነው አላት፣ እንኳን አደረሰህ ሊለኝ ነው፣ መሬት መሬት እያየ። እንኳን አደረሰህ አንድ ደቂቃ ከዐሥራ ስምንት ሰከንድ ይፈጃል ወይ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው የጠረጠረችው።

ደግሞ የተገለበጠውን መኪና ዕቃ በሌለበት በዚህ በጦርነት ጊዜ ከየትም ለቃቅሞ ያቀናላት እሱ ነው፣ የእጁንም አልተቀበላትም፣ ሰው በነፃ የሚሠራው ምን ሲኖርበት ነው።

አደም የአደጋውን ቦታ አሳይቷታል፣ ዶካ ሳይደርስ፣ አህያ የሚጎትተው ጋሪ ከሜዳ ወደ አስፋልቱ ወጣበት፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ካፊያ ነበር፣ አቧራው ከውኃ ጋር ሳሙና ሆኗል፣ ፍሬን ያዘ፣ አራቱም ጎማ ተቆለፈ አለ አደም፣ እጁን ቀጥ አድርጎ እያሳየ፣ መሪ ቢያዞርም አልሰማውም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው፣ ከዚያ ቦይ፣ ከዚያ ድንጋይ። እኛ ስንደርስ ሬድዮው ይዘፍናል አለ። ለምን እንደነገራት አታውቅም፣ ምናልባት ብቻውን አልነበረም ሊላት ነው። ሬድዮው ይዘፍናል፣ ዘመኑ የለም። አራቱም ጎማ ተቆለፈ፣ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ነገር የት ሄደ ታዲያ፣ ማን ነካው፣ ከእሷ እጅ መኪናው የወጣው ደኅና ሆኖ ነው፣ ይህን ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ትናገራለች፣ በዋዜማው በገዛ እጇ አጥባዋለች፣ ጠዋት አሮጊቶቹን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው እሱ ስለሆነ ለሚካኤል ሲባል ውስጡን ሳይቀር ጠርጋ፣ ምንጣፉን አራግፋ፣ መስተዋቱን በጋዜጣ ወልውላ፣ ሁለት ቀን ቁረይሻ ሠርቶ ተመልሶ ደክሞት የተወውን የእርሻ አቧራ ሁሉ አውጥታ፣ መተርኮሻውን እንኳ ሳይቀር።

መተርኮሻው። ዘመኑ ሲጋራ አያጨስም፣ መተርኮሻው የተሳሊ ነበር፣ የሐብሐብ ፍሬ ሲነዳ ይቆረጥማል፣ ገለባውን እዚያው ይተፋል፣ ያልተበላው ከተበላው ይደባለቃል፣ በየጊዜው እንደ ፍየል ምንድን ነው ይኼ ትለዋለች። ያን ጠዋት ገብቶ ቁልፉን አዞረና ዳሽቦርዱን አየ፣ መተርኮሻውን ከፈተ፣ ባዶ፣ እንደ ሳህን የታጠበ፣ ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰው። ዙፋኔ፣ አንች ነሽ ያጠብሽው። እና ማን ያጥብልህ። የነበረውስ። ለዶሮ ደፋሁታ፣ ለበዓል ገለባ ይዘህ ልትሄድ ነው ወይ። ሳቀ፣ መተርኮሻውን በጣቱ ሁለቴ ቆርቆር አደረገና ማሌሽ አለ፣ ማሌሽ ዙፋኔ፣ ግድ የለም። ሄደ። የመጨረሻው ቃሉ ማሌሽ ነው፣ ለገለባ። በሙት ዓመቱ ልታስበው የምትችለው ሌላ ቃል አልተወላትም። መኪናው ተሠርቶ ሲመጣ ግማሽ ኪሎ ተሳሊ ገዝታ መተርኮሻውን ሞላችው፣ ሲፈልገው አጥቶ ሄዷልና፣ የሞኝ ሥራ፣ ባንታምላክ ግን ምንም ሳይል መቆርጠም ጀመረ፣ ገለባውንም እንደ ወንድሙ እዚያው።

እታለም ይላል ባንታምላክ፣ በመስኮቱ አጎንብሶ፣ ሦስተኛ ጊዜው ነው፣ ውረጂና ከጥላው ተቀመጪ እንጂ፣ ብረቱ ይፈጃል። አልወርድም። እሺ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ፣ ተሳሊ ልውሰድ። ሰው እንዲህ ባለ ጭንቅ ተሳሊ ያምረዋል ወይ፣ ደግሞ ዓይኑ እሷን አያይም፣ ዓይኑ መተርኮሻው ላይ ነው፣ ቅድምም እዚያው ላይ ነበር፣ መንገድ ላይም፣ ውኃ ልግዛ ሲልም። እጁ ሲመጣ እጇ ቀደመችው።

ገለባ። ገለባ፣ ፍሬ፣ ገለባ፣ ቁራጭ ወረቀት፣ ከሥሩ ጠንካራ ነገር። ታወጣዋለች። ቀይ ናት፣ የጥፍር ያህል፣ ፕላስቲክ፣ ሁለት ቀጫጭን የብረት እግር አላት፣ ብርሃን ላይ ሲይዟት ውስጧ ይታያል፣ ጀርባዋ ላይ ዐሥር ቁጥር።

ምንድን ነው ይኼ።

ከመኪናው ሥር ብሩሹ ቆመ።

ባንታምላክ፣ ምንድን ነው ብዬሃለሁ። ፊውዝ ነው ይላል። የምን ፊውዝ። ላቡን ይጠርጋል። የምን ፊውዝ ነው፣ ልጅ ነህ ወይ። የሱ ነው ይላል፣ በአገጩ ቢጫውን መብራት እያሳየ፣ የኤቢኤሱ ነው። ባንታምላክ ይላል ሓፍቶም ከታች፣ ተው። ባንታምላክ ግን ጀምሮታል፣ ዓመት ያበጠ ነገር ሲፈነዳ እንዲህ ነው፣ እታለም እኔ ደብቄሽ አይደለም፣ ሁሉም ሾፌር ያደርገዋል፣ ከዶካ ስትታጠፊ ጠጠር ነው ዋልካ ነው፣ ኤቢኤሱ ካለ ፍሬን ስትይዢ ጎማውን ያዝ ለቀቅ ያዝ ለቀቅ እያደረገ መኪናው አልቆም ይላል፣ ኮር ውስጥ፣ ጎርፍ የበላው ቦይ ውስጥ ይዞሽ ይገባል፣ ጎማው ተቆልፎ አፈሩን ገፍቶ ቢቆም ይሻላል፣ ስለዚህ አስፋልቱን ስንለቅ ፊውዙን እንነቅላለን፣ አስፋልቱ ላይ ስንወጣ እንመልሳለን፣ ሲነቀል መብራቱ ይበራል፣ ሲመለስ ይጠፋል፣ ብልሽት አይደለም።

ብልሽት አይደለም። ጥቅምት 9፣ ኅዳር 21፣ ጥር 4። አልቀየረም፣ አጸዳው። መንገድ ላይ እየሰካው ነው የሚመጣው፣ ውኃ ልግዛ፣ ጎማ ልይ።

አስፋልቱ ላይ ስትወጡ ትመልሳላችሁ፣ ታዲያ ቤት ስትደርስ ለምን ይበራል ትላለች፣ ድምፏ የራሷ አይመስልም፣ የክፍል ድምፅ ነው። ይደክመኛል ይላል ባንታምላክ፣ አንዳንዴ ነገ እመልሳለሁ እላለሁ፣ መንገዱ ቅርብ ነው እላለሁ። ቅርብ ነው። ያ ሁሉ አስፋልት። በካፊያም ጊዜ። አንተም፣ ትላለች፣ አንተም እንዲሁ ልትሄድብኝ ነው፣ አንተም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ማን አስተማረህ።

ሓፍቶም ከመኪናው ሥር ወጥቷል፣ ተቀምጧል፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ የማይጠረግ እጅ። ባንታምላክ መሬት ያያል። እሱ ነዋ ይላል፣ ወንድሜ ነዋ፣ እዚሁ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው፣ እንዳይጠፋ።

እዚሁ ውስጥ።

ፀሐይዋ የት ሄደች፣ አልሄደችም፣ እዚያው ናት፣ ውሻው ተነስቶ ቦታ ቀየረ፣ እዚሁ ውስጥ ነበር፣ ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰው፣ ገለባ የሚፈልግ ሰው ይዳስሳል ወይ፣ የነበረውስ አለ፣ ተሳሊውስ አላለም፣ የነበረውስ ነው ያለው፣ ለዶሮ ደፋሁታ፣ በአጥሩ በኩል፣ መተርኮሻውን ገልብጣ ቂጡን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ ዶሮዎቹ ተሯሩጠው፣ ቀይ ነገር ነበረ ወይ፣ ያቺ ነጠብጣቧ ዶሮ አንስታ የጣለችው፣ አንስታ የጣለችው ነገር ነበረ፣ ዶቃ መስሏት፣ አይ፣ አሁን ነው የምታየው፣ ያን ጊዜ አላየችም፣ ያን ጊዜ ፀጉሯን ልትታጠብ ነበር የቸኮለችው፣ ለሚካኤል።

ሓፍቶም፣ በስልክ ምን አለህ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ያያታል። ዓይኑ ቀይ ነው፣ ናፍጣ ይሆናል። ቀይ ዐሥር አለህ ወይ አለኝ ይላል፣ የኤቢኤሱ ፊውዝ ጠፋብኝ፣ ሱቁም ለበዓል ዝግ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ዶካ ልወጣ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ገና ከእንቅልፌ ተነሣሁ፣ የለኝም አልኩት፣ ቀትር ላይ ና ከሌላ መኪና ነቅዬ እሰጥሃለሁ አልኩት፣ ግድ የለም ቀስ ብዬ እሄዳለሁ አለኝ። ከዚያ ጨርቁን እያየ፣ የሬድዮውም ዐሥር ነው ሓፍተይ። የሬድዮው ፊውዝ፣ ቀይ ነው፣ ያው ነው፣ ንቀልና እዚያ ሰካው ብለው አምስት ሰከንድ ነው፣ ሃያ ዓመት መካኒክ ነኝ፣ አልመጣልኝም፣ ስልኩን ዘግቼ ፊቴን ስታጠብ ነው የመጣልኝ፣ መልሼ ደወልኩ፣ አላነሳም፣ ቅዳሴ ላይ ነው ብዬ ተውኩት። ምን ብዬ ልንገርሽ። ሬድዮው ይዘፍን ነበር ሲሉ ሰማሁ።

ጠፋብኝ ነው ያለህ፣ ትላለች።

ጠፋብኝ ነው ያለኝ።

እንዴት ጠፋብህ አላልከውም።

ሰው ፊውዝ ሲጠፋበት እንዴት ይባላል ወይ ይላል ሓፍቶም፣ ይጠፋል፣ ትንሽ ነገር ነው።

ጠፋብኝ። ሚስቴ ጣለችው አላለም። ለገዛ ጓደኛው እንኳ፣ በስልክ እንኳ፣ እሷ በማትሰማበት እንኳ፣ ጠፋብኝ። እሷ ደግሞ ዓመት ሙሉ የሰው ስም በደብተር። ሓፍቶም አያውቅም፣ ባንታምላክ አያውቅም፣ በዚህ ግቢ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ ዝም ብትል ዝም ነው፣ ዘመኑ ጠፋብኝ ብሏል፣ ጠፋበት ማለት ነው፣ የራሱ ዝንጉነት፣ እግዜር ያመጣው፣ ዶሮዋ እንደሆነ በፋሲካ ታርዳለች። ነገ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዳ ተሳስቻለሁ ሓፍቶም ንጹሕ ነው ብትል ይበቃል ወይ፣ ሰው አይበቃውም፣ ታዲያ ማነው ይላል፣ አሰጋሽ ታዲያ ምን አግኝታ ነው ትላለች፣ ካሳ ከፍሎ ታርቆ ነው ይላሉ፣ እድፉ አይለቅም፣ ግቢው ባዶ እንደሆነ ይቀራል። ባዶውን ግቢ ታያለች። ስታየው ትንሽ ደስ ብሏት ነበር እኮ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት።

ስልኳ ይጮኻል፣ ጋሼ ገብረ ሥላሴ ነው፣ ድምፁ ሁልጊዜ ደጅ ቆሞ እንደሚጣራ ሰው ነው፣ ሁሉም ይሰማዋል። ልጄ፣ የነገው እንደተባለው ነው ወይ፣ ሽማግሌዎቹ እሺ ብለዋል፣ ሰውዬውን ደግሞ እናስጠራው ወይ፣ ስሙን ሰው ያወራል፣ ከአንች አፍ ግን አልሰማንም።

ሓፍቶም ጨርቁን አጥፎ መሬት ላይ አስቀመጠው። የማን ስም እንደሆነ ያውቃል፣ ዓመት ሙሉ ያውቃል ማለት ነው፣ ሪክሻው ብቻ ሲቀርለት ያውቃል፣ እያወቀ የኋላ ጎማ ይፈትግላታል። እመጣለሁ ሓፍተይ ይላል ቀስ ብሎ፣ እንዲጠሩኝ አታድርጊ፣ የምትይውን እቀበላለሁ፣ የሬድዮውን መናገር ነበረብኝ።

ይቀመጡ ጋሼ፣ ትላለች በስልኩ፣ ሁሉም ይቀመጡ፣ ማንንም አታስጠሩ፣ ሓፍቶምን እኔ ይዤው እመጣለሁ፣ አሰጋሽም ትምጣ፣ የአሰጋሽ ጎረቤቶችም ይምጡ። የምትይውን አዘጋጅተሻል ወይ ልጄ። አዎ። ከሳሽም ተከሳሽም አብራችሁ፣ ይሄስ ደኅና ነው ይላል ጋሼ ገብረ ሥላሴ፣ ደስ ብሎት። አዎ፣ አብረን እንመጣለን ትላለች።

አሁን ለሓፍቶም ልትነግረው ትችላለች። ነገ፣ ሁሉም ባለበት፣ ሁለት ጊዜ መናገር አትችልም፣ አንድ ጊዜ ነው የምትችለው። ደብተሯን ትከፍታለች፣ ሰኔ 11፣ የሚካኤል ዋዜማ፣ አጠብኩት ብላ ትጽፋለች፣ ከጥቅምት 9 በላይ፣ ቦታ በሌለበት፣ በጠርዙ ላይ።

የት ነው የሚሰካው ትላለች።

ሓፍቶም መጥቶ ከመሪው ሥር ያለውን ክዳን ይከፍትላታል፣ ባንታምላክ ልስካው ይላል፣ ተው ይለዋል ሓፍቶም፣ ከግራ ሦስተኛው ሓፍተይ፣ ባዶው። ወደ ሾፌሩ ወንበር ትሻገራለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜዋ ነው፣ የዘመኑ ወገብ ያጎደጎደው ስፖንጅ። ቀይዋን በሁለት ጣቷ ትይዛታለች፣ ቀላል ናት፣ ምንም አትከብድም፣ ትገፋታለች፣ ቀጭ ትላለች። ለባንታምላክ እንዲህ ትለዋለች፣ ካሁን ወዲያ ስትነቅላት በክር አስረህ አንገትህ ላይ ታደርጋታለህ፣ ከማተብህ ጋር፣ ቤት ስትደርስ አንገትህን ነው የማየው። እሺ እታለም።

ቁልፉን ታዞራለች። መብራቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ይበራሉ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ ቢጫዋ ትዘገያለች፣ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ያያሉ፣ ትጠፋለች። ሬድዮው በዚያው ይነሣል፣ ባንታምላክ ሳያጠፋው ነው የተወው፣ አንዲት ሴት በዓረብኛ ትዘፍናለች፣ ግቢው ባዶ ስለሆነ ድምፁ ሰፊ ነው። ሓፍቶም ፊቱን ያዞራል። ባንታምላክ ሊያጠፋው በመስኮቱ እጁን ይዘረጋል።

ተወው ትላለች።